ደረቅ ቅጠል በዘመነ ጽጌ

ፈጣሪ በጥበቡ ለየምድሩ ወራቱን፥ ለየወራቱ ቀለሙን፥ ለየቀለሙም የሚያይ ዓይን መድቦ ሲያበቃ፥ ከፍጥረት ሁሉ ለሰው ልጅ ብቻ አንዲት ክፉ ነጻነት ተወለት፤ እርስዋም ከደጁ ያለውን ንቆ ከባዕድ ደጅ ያለውን የመመኘት ነጻነት ናት። በሬ ባደረበት መስክ ይጠግባል፥ ንብም ከደረሰችበት አበባ ቀስማ ወደ ቀፎዋ ትመለሳለች፤ በአበባ መካከል ቆሞ ስለ ረገፈ ቅጠል የሚተክዝ ፍጡር ቢኖር ሰው ብቻ ነው። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ጌጥ ሁሉ ነውር ነው የሚል ግብዝ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጠበቃ አያገኝም፤ እናቶቻችን ኩል ተኩለዋል፥ እንሶስላ ሞቀዋል፥ ስለ ቀሚሳቸው ጥለትም ከሸማኔ ጋር ተከራክረዋል፤ ነገር ግን ጌጡን ለገላቸው መረጡ እንጂ ገላቸውን ለጌጡ አላስረከቡም። በእኛ ዘመን ግን ምኞት እንደ አሞሌ ጨው እየተቆረጠ የሚቸበቸብ ሸቀጥ ሆኖአልና፥ ሻጩም ገዢውን ካላስራበ በቀር ትርፍ እንደማይገኝ ጠንቅቆ ያውቃልና፥ ከዚህ በታች የምንተርከው ነገር በአንዲት የጉለሌ ልጅ ላይ ደረሰ።

በመዲናችን «ሐመልማለ ወርቅ» የምትባል፥ ስምዋ የለመለመ ምክርዋ ግን የጠወለገ፥ ወረቀትዋ የሚያብረቀርቅ ቃልዋ ግን የማይበራ አንዲት የሴቶች መጽሔት ነበረች። ባለቤትዋና አዘጋጅዋ ወይዘሮ ኢየሩስ የራስዋ የሆነ አሳብ ኖሮአት አያውቅም፤ ስለዚህም አሳብ አልቆባት አያውቅም። የባሕር ማዶውን መጽሔት ትገልጣለች፥ በስተቀኝዋ መዝገበ ቃላት ትዘረጋለች፥ የዚያን አገር ናፍቆት በዚህ አገር ፊደል ትከትባለች። ከዕለታት አንድ ቀን የዚያን አገር የቅጠል መርገፊያ ወራት በእኛ ቋንቋ ምን እንደሚባል ብትፈልግ፥ መዝገቡ «መጸው» ብሎ መለሰላት፤ እርስዋም ስሙን ተቀብላ ወራቱን ሳትጠይቅ መዝገቡን ከደነችው። መጸው በእኛ አቈጣጠር ዝናም አባርቶ፥ ጉም ተገፎ፥ መስኩ አደይ የሚለብስበት፥ እሸቱም የሚያሽትበት፥ ቤተ ክርስቲያንም ዘመነ ጽጌ ብላ በአበባ ስም የምትዘምርበት ወርቃማ ዘመን መሆኑን ለማወቅ፥ አንዲት ቃል ማንበብ ሳይሆን አንዲት መስኮት መክፈት በበቃት ነበር። እርስዋ ግን መጋረጃዋን እንደ ዘጋች እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «መጸው ገባ፤ ቅጠሉ ረገፈ፥ ምድርም አዘነች። በዚህ መጸው ዘመናዊት ሴት ሁሉ የምትመኘው ከባድ የሱፍ ካፖርት፥ የደረቀ ቅጠል ቀለም፥ የጎደጎደ ጉንጭ፥ ከሩቅ የሚያይ የደከመ ዓይን ነው።» አንባቢዎችዋም ይህን ያነበቡት ከቢጫ አበባ መካከል ተቀምጠው፥ በፀሐይ እየተቃጠሉ ነበር፤ ከመካከላቸውም ቀና ብላ ሰማዩን ያየች አልተገኘችም።

ይህ ምኞት ከማን ልብ እንደ መነጨ ለማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ልብ ሳይሆን ወደ መጋዘን መሄድ ነበረበት። ከመጽሔቲቱ የጀርባ ሽፋን ላይ ማስታወቂያውን የሚያሠፍር አንድ ነጋዴ፥ በብርድ አገር ወራቱ ያለፈበትን የሱፍ ካፖርት በርካሽ ሰብስቦ መርካቶ ውስጥ ከምሮት ነበርና፥ ካፖርቱን የሚሸጥለት ብርድ ከሰማይ ቢያጣ ከወረቀት ገዛው። ከክምሩም አንዱን ለናሙና ወደ ወይዘሮ ኢየሩስ ላከ፤ ክሩ እንዳይመዘዝ፥ ቁልፉም እንዳይለወጥ አዘዘ። መጽሔቲቱም ካፖርቱ የሚገጥምላት ልጅ በመጸው እትም ሽፋን ላይ እንደምትወጣ፥ ከዚያም በኋላ የመጽሔቲቱ መልክ ሆና እንደምትኖር አወጀች።

ለመለካት ከመጡት መካከል ትርንጎ የምትባል፥ በስምዋ ልክ የፈካች፥ ጉንጭዋ የሞላ፥ ትከሻዋ የሰፋ፥ አንገትዋ እንደ ማተብ ክር በሚዞሩ ስስ መስመሮች የተከበበ፥ ስትስቅም ፍንጭትዋ ቤቱን የሚያበራ ልጅ ነበረች። አባትዋ በልጅነትዋ ሞቶባት፥ በጽዋ ማኅበርዋ የምትከበር፥ መከበርዋንም የምትወድ እናትዋ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል አሳድጋታለች። ትርንጎ ከመንደር ቆንጆነት አልፋ በከተማ ሁሉ መታየትን ከልቧ ተመኘች፤ ወጣትነት ይህን ቢመኝ አይፈረድበትም፤ የሚፈረድበት ምኞቱን የሚነግድበት ነው። ካፖርቱን ለበሰች፥ ከደረትዋም ላይ አልገጥም አለ።

«እትዬ ኢየሩስ፥ ጎኑ ትንሽ ቢሰፋስ?» አለች።

«ካፖርቱ አይሰፋም፤» አለች ወይዘሮ ኢየሩስ ዓይንዋን ከመስታወቱ ሳትነቅል። «አንቺ ጥበቢ። ቁመትሽ ድንቅ ነው፤ የቀረው ሥጋ ብቻ ነው። ለጥቅምት አጋማሽ ድረሽልኝ።»

ትርንጎም በዚያው ሰሞን ከማዕድ ራቀች። ቀኑ የዘመነ ጽጌ መግቢያ ነበርና፥ ምእመናን በፈቃዳቸው የእመቤታችንን ስደት እያሰቡ የሚጾሙት ጾም በዚያው ዕለት ገባ። እናትዋም ልጅዋ ቁርሱን ስትተው፥ ምሳውን ስትገፋ፥ እራቱንም «በቃኝ» ስትል ባየች ጊዜ፥ ካፖርት የሚባል ነገር በሕልምዋም አልመጣባትምና፥ ልጅዋ ጾመ ጽጌን በብርቱ ተጋድሎ ይዛለች ብላ ደመደመች። ደምድማም ዝም አላለች፤ ዝም የሚባል ጽድቅ ለወይዘሮ ዘርፈሽዋል የባከነ ጽድቅ ነውና፥ ወሬውን ወደ ማኅበርዋ ይዛው ሄደች።

«ዘርፌ፥ ያቺ ልጅሽ አመድ መሰለች እኮ፤ አሟታል እንዴ?» አለቻት፥ ማኅበሩ በእነትርንጎ ቤት በዋለ ዕለት፥ በማኅበር ጎንዋ የምትቀመጠው ወይዘሮ አስካለ።

«ወግጂ! የኔ ልጅ ጽጌን ይዛ ነው። ያንቺዋ ረቡዕን በቅጡ ትጾማለች?»

«እኔማ አዝኜላት ነው።»

«የምታዝኚ ከሆነስ ለራስሽ ጉንጭ እዘኚ፤ ጾም ካየ ስንት ዘመኑ ነው!»

ሳቁ ቤቱን ሞላው፤ ትርንጎም በጓዳ በር ሆና ሰማችው። እናትዋን አልዋሸቻትም፥ ግን አላረመቻትም። እነሆ እንግዲህ አንዲት ባዶ ሆድ ሁለት ከንቱ ውዳሴ ትመግብ ጀመር፤ በአንድ በኩል መጽሔት «ቀጠነች» ብሎ ይመካባታል፥ በሌላ በኩል መንደር «ጸደቀች» ብሎ ይሳለማታል፤ ልጂቱ ግን በመካከል ታልቅ ነበር። ጠጉርዋ በማበጠሪያው እየተነቀለ ቀረ፤ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትደገፍ፥ ከመቀመጫዋ ስትነሣ ዓለም ይዞርባት ጀመር። የንስሐ አባታቸው መምሬ ወልደ ሰንበት አንድ ማታ ሊጠይቁአቸው መጥተው ፊትዋን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ልጄ፥ ማታ ማታ በምን ትፈቺዋለሽ?» አሉአት።

«በውኃ፥ አባቴ።»

«ከዚያስ?»

ትርንጎ ዓይንዋን ወደ እናትዋ መለሰች። እናትዋ ግን በኩራት «ከዚያማ ምንም! እንዲህ ናት የኔ ልጅ» አለች። መምሬም ራሳቸውን ነቅንቀው «ጾም መፍቻ አለው፤ መፍቻ የሌለው ጾም እስራት ይባላል» ብለው ተነሡ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ቃሉን ለልጅዋ የተሰጠ ምስጋና አድርጋ በማኅበርዋ አወራችው።

በጥቅምት የኪዳነ ምሕረት ዕለት ማለዳ ትርንጎ ለእናትዋ «ቤተ ክርስቲያን እቀድምሻለሁ» ብላ ከቤት ወጣች፤ የሄደችው ግን ከእንጦጦ ግርጌ፥ ወይዘሮ ኢየሩስ ለፎቶግራፍ ወደ ተከራየችው መስክ ነበር። መስኩ አደይ አበባ ለብሶ፥ ሰማዩ ያለ አንዳች ደመና ተዘርግቶ፥ ንቦች በሙሉ ክብራቸው ይመላለሱ ነበር። አዘጋጂቱ ይህን ባየች ጊዜ የታመመ ሰው ቤት ዘፈን እንደ ሰማች ሁሉ ተቈጣች፤ የመጸው እትም በመጸው አበባ ሊበላሽባት ሆነ! ወዲያውም የቀን ሠራተኞች አስመጥታ አበባውን አስነቀለች፥ በፈንታውም የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጆንያ አስመጥታ አስበተነች። ከሠራተኞቹ አንዱ አበባውን ታቅፎ ጓደኛውን «አረም ንቀል ስባል ኖሬ ዛሬ እህሉን ንቀል ተባልኩ» ቢለው፥ ጓደኛው «ዝም ብለህ ንቀል፤ የሚዘሩትንም አይተሃል» አለው። ከሰው ሁሉ ይልቅ የነገሩን ልክ የተናገሩ እነዚህ ሁለቱ ነበሩ፥ ማንም ግን አላዳመጣቸውም።

ያን ጊዜ ካፖርቱ ለትርንጎ ገጠመ፤ ቁልፉ ሁሉ ያለ ችግር ተቈለፈ። ወይዘሮ ኢየሩስም እጅዋን አጨብጭባ «ይኸው! አሁን ሴት ሆንሽ!» አለች፤ ሴትነት የሚጀምረው ሴቲቱ ስታልቅ ነው ማለትዋ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው «አትሳቂ፥ ፍንጭትሽ ይታያል፤ ዓይንሽንም አድክሚው» ብሎ አዘዘ። ማድከም አላስፈለጋትም። የጥቅምት ፀሐይ ከላይ፥ የባዕድ ሱፍ ከውጭ፥ ረኃብ ከውስጥ ተባብረው ይዘዋት ነበርና፥ ጥቂት ቆይታ እንደ ተቈረጠ ዛፍ በቅጠሉ ላይ ወደቀች። ፎቶግራፍ አንሺውም ሊያነሣት አልሮጠም፤ ፎቶዋን አነሣ።

በዚያች ሰዓት የማኅበሩ ሴቶች ቅዳሴ አስቀድሰው፥ መምሬ ወልደ ሰንበትን አስከትለው፥ የጸበል ጻዲቁን ዳቦ በሌማት ተሸክመው በመስኩ ዳር ባለው መንገድ ይወርዱ ነበር። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የወደቀችውን ልጅ ከሩቅ አይታ «የማን ምስኪን ናት?» አለች፤ ቀርባም የራስዋ ሆና አገኘቻት። መምሬ የካፖርቱን ቁልፎች ፈቱ፥ ውኃ ረጩአት፥ ልጂቱም ዓይንዋን ገለጠች።

«እማዬ፥» አለች፤ «ከሌማቱ ስጪኝ።»

እናትዋ ዙሪያዋን አየች። ወይዘሮ አስካለ ቆማለች፥ ማኅበርተኛው ሁሉ ቆሞአል። ክዳኑን በመዳፍዋ ተጫነችው። «ልጄ፥ ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም፤» አለች በሹክሹክታ። «እስከዛሬ ችለሽው? ሰው እያየ ጾም ትገድፊያለሽ?»

«ያልያዝሁትን ጾም እንዴት እገድፋለሁ፥ እማዬ? የጾምሁት ለእመቤታችን አይደለም፤ ለዚህ ካፖርት ነው። መምሬ እንዳሉት ታስሬ ነበር፤ ፍቺኝ።»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላዋን ወደ አፍዋ ወሰደች፤ ከነጠላው በስተጀርባ የነበረው ሐዘን አልነበረም። የወይዘሮ ዘርፈሽዋል እጅ በክዳኑ ላይ ቆየ፤ ከመዳፍዋ በታች ዳቦው፥ ከመዳፍዋ በላይ ስምዋ ነበረ፥ ሁለቱንም መያዝ እንደማይቻል ያን ጊዜ ገባት። እናት ናትና ከብዙ መዘግየት በኋላ ክዳኑን አነሣች፥ ዳቦውንም በገዛ እጅዋ ቈርሳ አጎረሰቻት። «ብዪ፤» አለች እያለቀሰች፤ «ያስራብኩሽ እኔም ነኝ። አስካለ፥ ነጠላሽን ከአፍሽ አውርጂና በደንብ ሳቂ፤ ይገባኛል።»

ወይዘሮ ኢየሩስ ግን ከዚያ ወዲያ ቆማ ስለ ካፖርቱ ትጨነቅ ነበር። «እናቴ፥ ፍርፋሪው ሱፉ ላይ እንዳይፈስ! ሰውነቷ መቼም ይመለሳል፤ ካፖርቱ ግን የሰው ነው!» አለች። መምሬም ካፖርቱን ከልጂቱ ላይ ገፈው፥ እንደ በድን በሁለት እጃቸው ይዘው አስረከቡአትና «ይኸው፤ የወደቀውን የእርስዎን ይውሰዱ፥ የተነሣችውን የእኛን ይተዉልን» አሉአት።

ትርንጎ ቀስ በቀስ ወደ ማዕድዋ ተመለሰች፥ ጉንጭዋም ወደ ቦታው ተመለሰ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል በማኅበርዋ ለብዙ ጊዜ መተረቻ ሆና ኖረች፥ ቻለችውም። የወደቀችበትን ፎቶ ልጂቱ አላስወጣም አለች፤ መጽሔት ግን ሽፋን ባዶ ሆኖ አያድርምና፥ ወይዘሮ ኢየሩስ ካፖርቱን ከልብስ መደብር በተዋሰችው የእንጨት ምስል ላይ አልብሳ፥ ፊቱን በባርኔጣ ጋርዳ፥ «የመጸው ቆንጆ» ብላ አወጣችው። ያነበቡት ሁሉ አደነቁ። አንዳንዶቹ ወገብዋን ለማግኘት ምን እንደምትበላ ጠየቁ፥ አንዳንዶቹም የቆዳዋን ጥራት ምስጢር እንድትነግራቸው ለመኑ፥ ነጋዴውም መጋዘኑን አራገፈ፤ ያቺ ቆንጆ እንጨት መሆንዋን ግን የጠረጠረ አንድም አልተገኘም፥ መጽሔቲቱ ስትመኘው የኖረችው ይኸው ነበርና። ልብስ ለሰው ሲሰፋ መርፌው ከጨርቅ ይገባል፤ ሰው ለልብስ በተሰፋ ዕለት ግን መርፌው የሚገባው ከሥጋ ነው።