ምታው ያለ መሰላት

“ምታው!” ያለ መሰላት። መዶሻውን ከራሷ በላይ አነሳች።

ባሏ ከደጃፉ ጥላ ሥር፣ ከተቀመጠበት ወንበር ላይ ጮኸ። ቃል አይደለም፣ ጩኸት ብቻ ነው። ግራ እጁን ያርገበግባል፤ ደህና የሆነው ግማሽ ፊቱ ደም መስሏል።

“ምን አጠፋሁ? ምታው አላልክም እንዴ?”

“አ…ይ!” አለ። ግራ እጁን ዘረጋና ጣቶቹን የጠርሙስ ክዳን እንደሚከፍት ሰው አዞራቸው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ጎንበስ ብላ አየች። ቮላኖ የሚሉት፣ ከሞተሩ ጎን የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት፣ መሃሉ በጥቁር ቅባት ተደፍኗል። በጣቷ ጠረገችው። አሁን ከፈታችው ዳዶ፣ ከብሎን ማሰሪያው፣ ሥር ሌላ ቀጭን ዳዶ ተደብቃ ቁጭ ብላለች።

“ፍታው ነው እንዴ ያልከው?”

በራሱ ንቅናቄ አዎ አላት።

“ፍታው…” አለች ለራሷ። መዶሻው ከእጇ አምልጦ የእግሯን አውራ ጣት ለጥቂት ሳታት። “ወይኔ ጉዴ! የከትናንት ወዲያውስ?”

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከከባድ መኪና ሥር ተኝቶ የኖረ መካኒክ ነው። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ እፎይ ይላል፤ እሱ ግን ከውዳቂ ብረት ሻጭ ግቢ አንድ የአትክልት ትራክተር ጭኖ መጣ፤ ከአልጋ የማይበልጥ፣ በዕድሜ ከትዳራቸው የሚበልጥ፣ ዝገት የጠገበ። ስልኩ ላይ ደግሞ ይኸው አባዜ የተጠናወታቸው አርባ ሰዎች የተሰበሰቡበት ቡድን አገኘ። አንዱ ካርቡሬተሩን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው ይላል፤ ሌላው ኮምጣጤ ለሰላጣ ነው ብሎ ያሾፍበታል። ክርክሩ ሲከር “ጋሽ ብሎን ይፍረደን” ይባላል። ጋሽ ብሎን እሱ ነው።

ከአራት ወር በፊት ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ያዘው፤ ምላሱንም አሰረበት። ከሆስፒታል በወጣ ማግስት አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ “ለልጆቹ እንዳትነግሪ፤ ከንፈር እንዲመጥጡልኝ አልፈልግም።” ልጆቹ የሚላቸው የቡድኑን ሰዎች ነው፤ ግማሾቹ ራሳቸው የልጅ ልጅ አይተዋል።

እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ስለ ብሎን የምታውቀው የመስፊያ መኪናዋን ያህል ብቻ ነበር። ያንን ትራክተርማ እውነቱን እንናገር ከተባለ ትጠላው ነበር። ግን ባሏ ሳምንታት ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ከርሞ፣ አንድ ቀን ዝም ብላ አንዲት ብሎን በቤንዚን ስታጥብ ዓይኑ ተከተላት። ከዚያ ወዲያ መጋረጃውንና ዩኒፎርሙን በጠዋት ትሰፋለች፤ ከሰዓት በኋላ ቡድኑ የመከረውን ታነብለታለች፣ እሱ ይጠቁማል፣ እሷ ትፈታለች። በሱ ስም የምትጽፈውም እሷ ናት። ደግነቱ “ፈታሁ”፣ “ሞከርኩ” ሲባል ጸሐፊው ወንድ ይሁን ሴት አያስታውቅም። ስልክ ከተደወለ አታነሳም፤ “መስመሩ አይሰማም፣ ጻፍልኝ” ብላ ትልካለች። እነሱም “ጋሽ ብሎን በስተርጅና ደብዳቤ ጸሐፊ ሆነ” እያሉ ይስቃሉ።

ከትናንት ወዲያ የጠየቀው ቡድኑ ዱቄት የሚለው ሰው ነው። ዱቄት ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሌሊት ይጋግራል፣ ቀን ደግሞ ልክ እንደነሱ ዓይነት ትራክተር ይጠግናል። “ጋሽ ብሎን፣ ይሄ ቮላኖ አልወጣ ብሎ አሳበደኝ፤ ምን ይሻለኛል?” አለ። ባሏን ጠየቀችው፤ የሰማችውን ጻፈች። “ምታው።”

ሮጣ ስልኩን ከመስፊያ መኪናው ላይ አነሳች። ጣቷ በቅባት ስለጨቀየ ስክሪኑ አልታዘዝ አላት፤ በቀሚሷ ጠረገችው። ዱቄት ጠዋት ጽፏል። “ጋሽ ብሎን አንጀቴን አራስከው! በትልቁ መዶሻ አቀመስኩትና ወጣ። ጠርዙ ትንሽ ሰንጠቅ ብሏል እንጂ ደህና ነው። መልሼ ገጥሜዋለሁ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስነሳለሁ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቻለሁ።” ከሥሩ የስንጥቁ ፎቶ አለ።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው።

ፎቶውን ለባሏ አሳየችው። አተኩሮ አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

“ይ…ፈ…ዳል።”

“ይፈነዳል? ይፈነዳል ነው ያልከው? በደንብ ንገረኝ፣ ዳግመኛ እንዳልሳሳት!”

አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አደጋው እሷም አልጠፋትም። በጋራዥ ዘመኑ የነገራት አንድ ታሪክ ነበር፤ የተሰነጠቀ ቮላኖ ሲዞር ተበትኖ ዓይኑን ስላጠፋው ሰው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የሷው ደግሞ በጽሑፍ ነው የወጣው፣ ያውም በባሏ ስም።

“አታስነሳ! ቮላኖው ይፈነዳል!” ብላ ላከች። አልተነበበም። ቡድኑ ውስጥም ጻፈች፤ “ዱቄትን የምታገኙት ካላችሁ አስቁሙት!” አንዱ፣ “ምነው ጋሽ ብሎን፣ ቀናህ እንዴ?” ብሎ ሳቀ። ሌላው፣ “እሱ ስልኩን ሊጥ ውስጥ ከትቶት ይሆናል” አለ። አሥር ደቂቃ ቀረ።

“እደውላለሁ” አለች።

ባሏ ግራ እጁን ሰዶ የእጇን አንጓ ያዘ። ጉልበቱ ያው የጥንቱ ነው።

“ልቀቀኝ። አልነግረውም። ገበያ ወጥቷል እለዋለሁ፤ እሺ? ልቀቀኝ በናትህ!”

ለቀቃት።

መጀመሪያ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ሁለተኛም እንዲሁ። በሦስተኛው፣ ከብዙ ሰው ጫጫታ መሃል አንድ ደስተኛ ድምፅ ብቅ አለ።

“ጋሽ ብሎን! ዛሬ መስመሩ ሠራልህ?”

“ሚስቱ ነኝ። እሱ… ገበያ ወጥቷል። ሞተሩን እንዳታስነሳ ብሏል። ስንጥቁ አደገኛ ነው።”

“እትዬ! እንደምን ዋሉ?” አለና ሳቀ። “ገበያ ወጥቶ ስንጥቁን በምን አየው? አሁን ገባኝ፤ ሊያሸብረኝ ነው ያስደወለዎት። አምና እኮ ነዳጅ ያለቀበትን አንድ ሰው ሞተርህ ተበላሽቷል ብሎ ሁለት ቀን አስፈትቶታል። እኔ ላይ አይሠራም ይበሉት።”

“ቀልድ አይደለም፣ ወንድሜ።”

“ራሱ አይደል እንዴ ምታው ያለኝ? ጋሽ ብሎን ደግሞ በሞተር ተሳስቶ አያውቅም። ልጄ ትራክተሩ ላይ፣ ከሞተሩ ጎን ተቀምጣለች፣ እሷ ሦስት ስትል ማስነሻ ገመዱን እስባለሁ። ይስሟት እስቲ፣ አላስቆም አላስቀምጥ ብላኛለች።”

“አባዬ፣ ልቁጠር?” የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

ክው አለች። ባሏን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

“ምታው ያልኩህ እኔ ነኝ” አለች። “እሱ አይደለም። እሱ አራት ወሩ ነው ከታመመ፤ መጻፍ አይችልም፣ አፉም አይፈታለትም። ፍታው ብሎኝ ምታው ብዬ ሰማሁ። ልጅቷን አንሳት! እባክህን አንሳት!”

ጫጫታው ቀነስ አለ። ዱቄት ግራ በተጋባ ድምፅ፣ “እትዬ፣ ትናንት እኮ ሞተር ስለሚለኩሰው ካንዴላ ስንጨዋወት አመሸን” አለ። “ደህና ነበር። አሁንስ ቀልዱ አልበዛም? እስቲ እሱን ያቅርቡልኝ። ካፉ ካልሰማሁ አላምንም።”

ትናንት ስለ ካንዴላው ያመሸችውም እሷ ናት። ይህን ለማስረዳት ጊዜ የለም። ዞር ስትል ባሏ ግራ እጁን ዘርግቷል። ሊነጥቃት መስሏት ወደ ኋላ አለች። እሱ ግን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋች።

“ፍ…ታው” አለ።

“ምታው?” ዱቄት በሳቅ ፈነዳ። “ይኸው! አላልኩም? ጋሽ ብሎን፣ አንተ ሰውዬ ትገድለኛለህ! በይ ቁጠሪ የኔ እናት!”

“አንድ…” አለች ልጅቷ።

ሴትየዋ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ባሏ ግን ቀደማት። የወንበሩን እጀታ ጨምድዶ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ከሆዱ አወጣው።

“ተው! ልጄ… ተው!”

በዱቄት ግቢ ቆጠራው ተቋረጠ። ጋሽ ብሎን ማንንም ለምኖ አያውቅም፤ የሚያውቁት ሁሉ ይህን ያውቃሉ። የገመዱ እጀታ ብረት ላይ ሲወድቅ ቀጭ አለ።

“ለቀቅኩት” አለ ዱቄት። “ይኸው ለቀቅኩት። ነይ ውረጂ አንቺ፣ ወደ እናትሽ ሂጂ። ሁላችሁም ራቁ፣ ራቁ ብያለሁ!” ሲሮጡ ይሰማል። ከዚያ ድምፁ ቀረብ ብሎ፣ ዝግ ብሎ መጣ። “ጋሽ ብሎን… ምን ሆነህ ነው?”

ሴትየዋ መሬት ቁጭ ብላለች። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያው በሱ ፈንታ መመለስ እንደለመደችው። ባሏ ከንፈሩን እያላወሰ ቃሉን ይፈልጋል፤ ገና ብዙ ይቆያል።

እጇን ዘርግታ፣ ራሱ እንዲናገር ስልኩን ወደ አፉ ይበልጥ አስጠጋችለት።