የተሰረዘው ሦስተኛ ደብዳቤ

የኮምፒውተር ባለሙያዋ እጇ ጥሩ ነው፤ ምላሷ ግን ከእጇ ይቀድማል። ሙያ በልብ ነው ቢሏት ስቃ ታልፋለች። የእንጨት መሰንጠቂያው ሥራ አስኪያጅ በዚያ ጠዋት ሲያስጠራትም፣ ቦርሳዋን ከፈተሸው ሽማግሌ ዘበኛ ጋር እንኳ ወሬ ሳትጀምር አላለፈችም። ሽማግሌው ጥቁር ለብሷል፤ ልጁን ከቀበረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው።

የሥራ አስኪያጁ ችግር ቀላል ነበር። የዐሥራ ሁለት ዓመት ኢሜይል አንድ ፋይል ውስጥ ታጭቆ አርባ ስምንት ጊጋባይት ደርሷል፤ ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት ቀጥ ይላል። ትናንት ብዙውን ሰርዤ መጣያውንም ባዶ አድርጌያለሁ፣ መጠኑ ግን ንቅንቅ አላለም እያለ ተነጫነጨ። ከምሳ በኋላ እንግዶች ስላሉብኝ እስከዚያ አስተካክለሽ ጨርሺልኝ አላት።

እሷ ሳትቀዳ የሰው ፋይል አትነካም። መጀመሪያ የራሷን ዲስክ በገመድ ሰክታ ሙሉውን ኮፒ አደረገች። ከዚያ ማስረዳት ጀመረች፤ የተሰረዘ ኢሜይል ከዐይን ይሰወራል እንጂ ፋይሉ ተጨምቆ ጨርሶ እስኪያጠፋው ድረስ ቦታውን ይዞ እዚያው ይቀመጣል። ሰውዬው አላመናትም። አለማመኑ እልህ አስያዛትና ከኮፒው ላይ የተሰረዙትን አንድ በአንድ አንስታ ስክሪኑ ላይ ደረደረችለት።

«ይኸው፣ አንድም አልጠፋም» አለችው ኮራ ብላ።

የመጀመሪያው ርዕስ «ስለ መጋዙ መከለያ፣ ለሦስተኛ ጊዜ» ይላል። ላኪው የዘበኛው ልጅ ነው። የልጁን አሟሟት ያልሰማ አልነበረም፤ መከለያው የተበላሸ መጋዝ ሲሰበር ስለቱ ደረቱን ሰነጠቀው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ መከለያው መበላሸቱን ማንም አልነገረኝም ብሎ ለመርማሪዎች ቃሉን ሰጥቷል። ከምሳ በኋላ የሚመጡት እንግዶች እነማን እንደሆኑ አሁን ገባት፤ የሰረዘው እንዳልጠፋ ያሳየችው እሷው ናትና በራሷ አፍ ክፉኛ ተናደደች።

«ጨምቂው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዲስኩንም እዚህ አስቀምጪ።»

«አላደርገውም።»

ሁለተኛ አልጠየቃትም። በጥፊ ሲላት ከነወንበሯ ወደቀች። ተነስታ ዲስኩን ስትይዝ ግራ እጇን ጨምድዶ መሳቢያው ውስጥ ከተተና በሙሉ ኃይሉ ዘጋባት። ደገመው። ጣቶቿ ሲሰበሩ በጆሮዋ ሰማች፤ ጩኸቷ ግቢውን ሞላው።

በሩን በትከሻው ገፍትሮ የገባው ዘበኛው ነበር።

«የልጅዎ ደብዳቤ ነው አባባ» አለችው እያቃሰተች። «ሦስት ጊዜ ጽፎለት ነበር። ሊያጠፋው ነው።»

ሽማግሌው የእሳት ማጥፊያውን ከግድግዳ ነቅሎ ሰውዬውን ጉልበቱ ላይ መታው፤ ሲወድቅ ትከሻውን፣ ሲንፏቀቅ ጎኑን። ሥራ አስኪያጁ ደም እየተፋ ማረኝ አለ። የሚሰማው አላገኘም። ሽማግሌው ብረቱን አናቱ ላይ ሊያወርደው ከፍ አደረገ። እውነቱን ለመናገር፣ ይግደለው የሚል ሐሳብ ባለሙያዋንም ሽው ብሏታል። ግን ቢገድለው መርማሪዎቹ ደርሰው የሚያስሩት ሽማግሌውን ነው። በደህናው እጇ ደብዳቤውን ከፍታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«ጌታዬ፣ መከለያው ዛሬም አልተሠራም። ስለቱ ይንቀጠቀጣል። እባክዎ ለአባቴ እንዳይነግሩብኝ፤ ግልፍተኛ ነው፣ ከእርስዎ ተጣልቶ በእርጅናው ሥራውን እንዳያጣ። እስኪሠራ ድረስ እየተጠነቀቅኩ እሠራለሁ።»

ብረቱ አየር ላይ ቆመ። ሽማግሌው ወለሉ ላይ አስቀመጠውና ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዞረ።

«ድገሚልኝ» አላት።

ደገመችለት።

«ድገሚልኝ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ማንበብ ስትጀምር ሥራ አስኪያጁ በሆዱ እየተሳበ እጁን ወደ ዲስኩ ገመድ ዘረጋ። ሽማግሌው ዐይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል እጁን በጫማው ረገጠው። ሰውዬው ጮኸ። ባለሙያዋ ማንበቧን አቋረጠች።

«ቀጥዪ ልጄ» አላት። አንብባ እስክትጨርስ ጫማውን አላነሳም።