ባዶውን የቆየ ጣሳ

በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት የሟቹ ገበሬ ሴት ልጅ፣ ወንድሟ፣ አክስታቸውና ከመንደሩ ወተት የሚሰበስበው መኪና ሾፌር ናቸው። ልጅቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ በረቱ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ላም ታያለች። እስካሁን አላለቀሰችም። አክስቷ ይህንኑ ለጎረቤት ስታንሾካሹክ ሰምታለች።

ሾፌሩ ሻዩን እያማሰለ ሟችን አነሳ። መንደሩ «ቋጠሮ» ይላቸው ነበር፤ እጃቸው አይፈታም ለማለት።

«ዝንብ ወተታቸው ውስጥ ብትወድቅ ጨምቀው ነበር የሚለቋት» አለ።

አክስትየው አፏን በመሐረብ ሸፍና ሳቀች። ወንድምየው ግን ወደ ላሟ ጉዳይ ተመለሰ። ገዢ አግኝቷል፤ ሐዘኑ እንዳለቀ መጥቶ ይወስዳታል። አንዲት ላም ምን ትረባለች፣ ቤቱን ባዶ ያስቀረው የአባታችን ግትርነት ነው አለ።  ልጅቷም የምታስበው ያንኑ ነበር።

ወረርሽኙ ሲገባ ስድስት ላሞች ነበሯቸው። መንገዱ ተዘጋ፤ የወተት መኪናውም ቀረ። ላም ግን ወረርሽኝ አታውቅም፤ ጠዋትና ማታ ጡቷ ይሞላል። ብዙው ገበሬ ወተቱን ሜዳ ላይ ደፋ። ቆይቶ መንግሥት ወተት ለደፉ ገበሬዎች ድጎማ እንደሚከፍል ተነገረ። ጎረቤቱ ሁሉ እየፈረመ ተቀበለ። አባቷ ግን «ያልደፋሁትን ደፋሁ ብዬ አልፈርምም» አሉ። እሷ ደግሞ ጎህ ሲቀድ የሞላ ጣሳ አንጠልጥለው ከቤቱ በታች ወዳለው ፈፋ ሲወርዱ፣ ባዶውን ይዘው ሲመለሱ በዓይኗ አይታለች።

የመኖ መግዣ ጠፋና ላሞቹ አንድ በአንድ ተሸጡ። አምስተኛዋ በተሸጠች ቀን ትዕግሥቷ አለቀ።

«አባባ፣ ደፍተው ሲያበቁ አልደፋሁም የሚሉት ለማን ብለው ነው? ኩራት ላም አይቀልብም» አለቻቸው።

አባቷ ባርኔጣቸውን አጥልቀው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል «እራት ቀርቧል» ከማለት ያለፈ ወሬ አልነበረም።

ይህን ስታስብ የሳሎኑ በር ተንኳኳ። ከፈፋው ማዶ ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድገው ልብስ ሰፊ ናት። ያጽናችሁ ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያ ከፌስታሏ ውስጥ ክዳን ያለው የወተት ጣሳ አውጥታ ልጅቷ ፊት አኖረች።

«የአባትሽ ነው» አለች። «ሥራ ሁሉ የቆመ ጊዜ ከፈፋው ማዶ ላለነው ወተት ያመላልሱልን ነበር። አጥሩ ሥር ያስቀምጡና ያንኳኳሉ፤ ገልብጬ እስክመልስ ራቅ ብለው ይጠብቃሉ። ሰው እንዳይሰማብን ብንለምናቸው፣ ለልጄም አልናገርም ብለው ማሉልን።»

 ወንድምየው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ታዲያ ጣሳው እስከ ዛሬ ለምን ቆየ ሲል ጠየቀ።

«ወተት ያመጡልን የመጨረሻ ቀን እኔው ጋ ተዉት። ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። የምሞላበት ሳጣ፣ ዛሬ ነገ ስል አመለጡኝ።» ልብስ ሰፊዋ አቀረቀረች። «አሁንም ባዶውን ነው ያመጣሁት።»

ሾፌሩ ብርጭቆውን ድምፅ ሳያሰማ መሬት አስቀመጠ።

ልጅቷ ጣሳውን አንስታ ወደ በረቱ ወጣች። የማለቢያ ሰዓት አልነበረም። አባቷ ሲያልቡ ይቀመጡበት የነበረው ዱካ ላይ ተቀምጣ ጣሳውን በጉልበቷ መካከል ያዘች። የመጀመሪያው ወተት የባዶውን ጣሳ ታች ሲመታው ሳሎን ድረስ ተሰማ። አክስትየው በመስኮቱ ብታይ፣ የልጅቷ ግንባር የላሟ ጎን ላይ ተደግፏል፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እጇ ግን አላቋረጠም።

ጣሳው ሲሞላ ከደነችውና ለልብስ ሰፊዋ ሰጠቻት።

«ገልብጠሽ ነገ ጠዋት አጥሩ ሥር አድርጊልኝ» አለቻት።

ገዢው በተባለው ቀን ማልዶ መጣ። ልጅቷን ቤት አላገኛትም፤ ጣሳውን ይዛ ወደ ፈፋው ወርዳ ነበር። ላሟ አልተሸጠችም።