ትንበያው ያላየው በረዶ

ፌርሚና ቻምቢ የአየር ጠባይ ጣቢያዋን በር ለመክፈት በረዶ መዛቅ ነበረባት። ትናንት ቀትር ላይ ከከተማ የተላከላትን ትንበያ በመንደሩ ሬዲዮ ያነበበችው ራሷ ናት፦ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱ ውርጭ። በፔሩ ደጋ ሐምሌ ደረቅ ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረም። ሲነጋ ግን በረዶው ጉልበት ይደርስ ነበር። እርሷን አምነው ለሱፍ የሚያረቧቸውን እርጉዝ አልፓካዎች ዳገት ላይ ያሳደሩት እረኞች፣ ለከብቶቹ ሣር ለማውጣት በረዶውን በእጃቸው እየጫሩ ነው። ሁለት አልፓካ ሞቷል።

መንጋቸውን ቀድመው ወደ ወንዙ ዳር ያወረዱት ሽማግሌው ኤሌውቴሪዮ ብቻ ናቸው። ሰዉ ምልክት አይተው ነው አለ። ፌርሚናም ምልክቱን ለማወቅ ጓጉታ ቤታቸው ሄደች።

"አጎቴ፣ በምን አወቁ? በነፋሱ ነው?"

"ምን አውቄ፣ ልጄ!" አሉ ጉንጫቸውን ይዘው። "ጥርሴን አሞኝ ነው። ዛሬ ላስነቅል ስለነበር መንጋው እንዳይርቅብኝ አወረድኩት።"

"ታዲያ ይህን ለሰዉ ለምን አልነገሩም?"

"አዋቂ ሲሉኝ ደስ አለኛ። አንቺስ ብትሆኚ ትክጂያለሽ?"

ሳቀች፤ ጥያቄው ግን አልለቀቃትም። እውነት ምንም ምልክት አልነበረም? ተመልሳ መዝገቧን ገለጠች። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ፤ ከዚያ ድንገት ሁለት ብቻ። ይህን የመዘገበችው ትናንት ጠዋት ነው፤ መለኪያው የተበላሸ መስሏት አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጋ ነበር። ለካ ሌሊት መጥቶ ሳይነጋ የተበተነ ደመና ሙቀቱን አፍኖ ይዞት ኖሯል።

የዛሬው ትንበያም ከማታ ጀምሮ ጠራ ያለ ሰማይ ይላል። መጥፎ አየር ሲቃረብ የሚወርደው የአየር ግፊት ግን ገና እየወረደ ነው። ወደ ከተማ ደወለች። ትንበያ የሚሠራው ወጣት አልዋሻትም፤ ከእርሷ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ መሐሉን የሚገምተው ኮምፒውተር ነው አላት።

"በአንድ መለኪያ ብቻ ትንበያ አልቀይርም" አለ። "አንቺም ብትሳሳቺ ሁለተኛ የሚያምንሽ አይኖርም።"

ቀትር ላይ ሬዲዮው ፊት ተቀምጣ የተላከላትን እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጠች።

"ይሄ የከተማው ነው። የእኔ መለኪያ ሌላ ይላል። እርግጠኛ አይደለሁም፣ ልሳሳት እችላለሁ። መንጋው የእኔ ቢሆን ግን ዛሬውኑ አወርደው ነበር።"

ማይክሮፎኑን ዘግታ፣ እረኞቹን ልታግዝ ወደ ዳገቱ ወጣች።