ጨው አልባው ፈንዲሻ

ባሌ ሲጋራ ያቆመው በፈንዲሻ ነው። ሱሱ ሲነሳበት እፍኝ ሙሉ ያፍሳል፣ ይቆረጥማል፣ ያልፍለታል። እኔም ሲጋራውን ይተውልኝ እንጂ ብዬ ቅቤ እያቀለጥኩ፣ ጨው እየነሰነስኩ እሰጠው ነበር። ታዲያ ደም ግፊቱ ጣሪያ ነካ። ሐኪሙ "በዚህ ከቀጠለ አንድ ቀን ይጥለዋል" አለኝ። ሲጋራውን ከጀመረም ይጥለዋል። እንግዲህ ምረጪ!

ልጃችን መርጣ መጣች።

"እማዬ፣ ፈንዲሻውን በቃ አስቀሪው።"

"አስቀርቼ ምን ላጉርሰው? ጭስ?"

በቆሎውን በደረቅ ድስት ከድኜ አፈነዳሁት። ዘይትም ቅቤም ጠብ አላደረግሁም፤ ጨውም አልነሰነስኩም። እንዳያር ድስቱን ስወዘውዝ ክንዴ ሊገነጠል ምንም አልቀረው።

እሱ፣ ዕድሜውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሰ ሹፌር፣ አንድ ፍሬ አኘከና ፊቱን አጨፈገገ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ምንድን ነው? የትራስ ጥጥ ነው?"

"ብላ! ትራስ በልቶ የሞተ የለም።"

ገፋ አድርጎት ተነሳ። ኮቱን ደረበ።

"አባዬ፣ ወዴት ነው?"

"አየር ልቀበል።"

አየር! ከሱቅ የሚገዛ አየር!

ልጄ ልትከተለው ስትል ክንዷን ያዝኩ። "ተይው። ዛሬ ከእጁ ብትነጥቂው ነገ ሽንት ቤት ተደብቆ ያጨሳል። ይልቅ ሎሚ አምጪ።"

በመስኮት አየሁት፤ ማዶ ሱቁ ጋ ቆሟል። ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አወጣ። ልቤ እንደ በቆሎው ተንጣጣ። ሎሚውን ብጨምቅበት ፈንዲሻው ሙሽሽ ብሎ ተኮማተረ። ደፋሁት! ሌላ ጣድኩ። አሁን የሎሚውን ልጣጭ ብቻ በስሱ ፈቅፍቄ፣ ቁንዶ በርበሬ ወቅጬ፣ በትኩሱ ነሰነስኩበት።

"እማዬ፣ እየተሻገረ ነው።"

"እያጨሰ ነው?"

"አይታየኝም። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።"

ገባ። ቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም። እኔም ምን ይዘሃል አላልኩትም፤ ሳህኑን ከፊቱ ዘጭ አደረግሁት። በግራ እጁ አንዲት አነሳ። ቆረጠማት። ሌላ ደገመ። ከዚያ እፍኝ ዘገነ።

"ይሄኛው እንኳ ያነቃል" አለ አፉ እንደሞላ። "ግን ጨው ያንሰዋል።"

"የለውም እንጂ አያንሰውም።"

ሳህኑ ውስጥ ያልፈነዱት ፍሬዎች ብቻ ሲቀሩ ቀኝ እጁን አወጣ። አንዲት ሲጋራ፣ በላብ ርሳ ወገቧ ተሰብሯል። ካልፈነዱት መሐል ጣላት።

"ነገም ትሠሪልኛለሽ?"

"እሠራለሁ። ልጣጩን ግን አንተ ትፈቀፍቃለህ። ያ እጅህ ሥራ ሲፈታ ኪስ ይገባል።"