በአገጭ የተቃኘው ጊታር

«እማዬ እኮ አትሰማም» አላት የአሮጊቷ ልጅ ለደንበኛዋ። ይህንንም እናቱ ጥርት አድርጋ ሰማችው። ሠላሳ ዓመት ጊታር የቃኘች ሴት፣ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጣ እንደ ተሰበረ ዕቃ ተወራባት። ጆሮዋ እንደ ድሮው እንዳልሆነ እሷም አልካደችም፤ ግን መድከም ሌላ፣ መደንቆር ሌላ።

የዚያን ዕለት ጠዋት የጊታር መቃኛ ሱቋን እንደ ከፈተች፣ ልጇ ከሰኞ ጀምሮ ቤት እንድታርፍ ነግሯት የሱቁን ቁልፍ ጠየቃት። እሷም ጠረጴዛው ላይ፣ ከአዲሱ ማሽን አጠገብ ጣል አደረገችለት። በእሷ ቦታ የተሾመው ይኸው በመዳፍ የሚያዝ ማሽን ነው። የጊታሩን መቃኛ፣ ክሩ የተጠመጠመበትን መዘውር፣ በአፉ ይጎርስና ራሱ እያዞረ ክሩን ይወጥራል፤ ሲጨርስ አረንጓዴ ያበራል። አያረጅም፣ ምላስም የለው።

ደንበኛዋ የሙዚቃ መምህርት ናት። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቿን ይዛ መድረክ ትወጣለች፤ የአሮጌ ጊታሯ ወፍራም ክር ግን ቅኝቱ እየወረደ አስቸግሯታል። ልጁ ማሽኑን ሰክቶ ክሩን መታ። ማሽኑ አጉረመረመና አረንጓዴ አበራ። መምህርቷ ሁለት ጊዜ ስትመታው ክሩ ወረደ። ደገመው፤ ወረደ። ሲሠልስ ግንባሩ በላብ ራሰ።

«ባትሪው ይሆናል» አለ።

«የእኔ ሲሆን እርጅና፣ የእሱ ሲሆን ባትሪ» አለች እናቱ ከጥግ።

«እማዬ፣ እባክሽ። ይሄ በጆሮ አይደለም የሚሠራው። ንዝረቱን ከመቃኛው ነው የሚለቅመው።»

«እንግዲያው እሱም እንደኔ ደንቆሮ ነዋ።»

መምህርቷ ሳቋን በእጇ ሸፈነች።

አሮጊቷ ማንንም ሳታስፈቅድ ጊታሩን ወሰደች። መቃኛውን በሁለት ጣቷ ወዲህ ወዲያ ስታደርገው ነገሩ ገባት። የመዘውሩ የውስጥ ጥርስ ተበልቷል። ማሽኑ ክሩን አሳልፎ ይወጥርና መልሶ እያላላ ልኩ ላይ ይቆማል፤ በተበላው ጥርስ መካከል በሚቀረው ክፍተት ታዲያ ክሩ ሲመታ መቃኛው ይንሸራተታል። እሷ ክሩን መጀመሪያ ከልኩ በታች አላላችው። ከዚያ አገጯን ጊታሩ ትከሻ ላይ አስደግፋ፣ ወፍራሙን ክር አንገቱ ላይ እየተጫነች ከጎረቤቱ ክር ጋር መታችው፤ መቃኛውን ጥቂት አዞረች፤ እንደገና መታች። ከታች ወደ ላይ ብቻ። ወደ ኋላ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ ክሮች ሳይስማሙ በአገጯ በኩል አጥንቷ ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ፣ እየተቀራረቡ ሲመጡ መንቀጥቀጡ ይዘገያል። ጨርሶ ሲተኛ እጇን አነሳች።

መምህርቷ መታችው። ጠንከር አድርጋ ደጋገመችው። አልወረደም።

ፊቷ በራና ጊታሯን አቅፋ፣ ከልማድ ይሁን ከችኮላ፣ ወደ ልጁ ዞረች። «በጣም ነው የማመሰግነው፣ ወንድሜ።»

«ምንም አይደል» አለ ልጁ።

መምህርቷ በሩ ጋ ደርሳለች። አሮጊቷ ቁልፉን ከማሽኑ አጠገብ አንስታ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ቆዪ፣ ልጄ» አለቻት። ከዚያ ልጇን ዓይን ዓይኑን አየችው። «ማን እንደ ቃኘው በራስህ አፍ ንገራት። ቁልፍ ካማረህ ደግሞ ሄደህ አስቀርጽ፤ ይሄ የእኔ ነው።»