ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር የተለካ ዝናብ

ዝናብ ለኪው መዝገቡን በብብቱ ሸጉጦ ወደ አዳራሹ ሲገባ አፍንጫውን ያዘ። በመስኮቱ በድርቅ የሞተ ከብት ሽታ ይገባል፤ ከፊት ረድፍ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሽቶ። ሁለቱ ተቀላቅለው ሲመጡበት ያቅለሸለሸው ሽቶው ነው።

የዕለቱ ጉዳይ አንድ ነበር፦ በመጋዘን የተከመረው ድርቆሽ ለአካባቢው ከብቶች ይታደል ወይስ ወደ ሌላ ቦታ ይጫን? የሚወስነው ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ወጣት ባለሙያ ነው። ከሃያ ሦስት ላሞች አምስት የቀሩት የዝናብ ለኪው ታላቅ ወንድም፣ በትሩን አቅፎ ኋላ ተቀምጧል።

ባለሙያው የሃያ ስድስት ዓመቱን ዝናብ በመስመር ሥሎ ግድግዳው ላይ አሳየ። መስመሩ አሥራ ሰባት ዓመት ቁልቁል ሲወርድ ይቆይና ከዚያ ወዲህ ሽቅብ ይወጣል።

«እንደምታዩት እዚህ ዝናቡ እያገገመ ነው። ድርቆሹ ለባሰበት ይሂድ» አለ።

«የኔ ልጅ፣ ያ መስመር ሣር ያበቅላል?» አለ ታላቅ ወንድሙ። «የሚያበቅል ከሆነ ላሞቼን ላምጣና ግድግዳውን ይጋጡት።»

ሰው ሳቀ። ባለሙያው ግን አልተቆጣም። «አባቴ፣ ቁጥሩን እኔ አላመጣሁትም። የራሳችሁ ሰው በየጠዋቱ የለካው ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ዝናብ ለኪው ዞረ።

መስመሩ ለምን ሽቅብ እንደታጠፈ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለኃላፊው አዲስ መኪና መጣለት። የግቢው ሜዳ መካከል የቆመው የዝናብ መለኪያ ለመኪናው መዞሪያ አሳጣ ተባለና ተነቅሎ ከመጋዘኑ ግድግዳ አጠገብ፣ ልክ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ተተከለ። ከሰማይ አንድ ሲጥል ከጣሪያው ሦስት ይወርድበታል። «ጌታዬ፣ የጣሪያ ውሃ ይገባበታል» ቢለው፣ ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ «ስድስተኛ ክፍል ያቃተው ሊያስተምረን ነው! አንተ ዝም ብለህ ጠብታህን ቁጠር» አለው። ከዚያ ወዲያ ስሙ ጠፍቶ «ጠብታ» ሆነ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር፣ «ጠብታ፣ እስቲ እግርህን አንሣልኝ» ትለው ነበር። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ እሱም፣ «እንግዲያው መለኪያው ያጠራቀመውን እጽፍለታለሁ፤ አንድ ቀን ሲዋረድ አያለሁ» ብሎ ቁጥሩን ቁልጭ አድርጎ ሲጽፍ ኖረ።

አሁን ተነሣ። «ቁጥሩ ልክ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት የለካሁት የጣሪያ ውሃ ነው። መለኪያውን ለመኪናው ብለው አንሥተውት ነው።»

«ነገር ፈላጊ ነው፣ አትስማው» አለ ኃላፊው። «መለኪያው ከጥንትም እዚያው ነው። ጥበቃውን ጠይቅ።»

ጥበቃው፣ «እዚያው ነው» አለ ቶሎ ብሎ። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ።

ባለሙያው ወጥቶ ቆርቆሮውን አየና ተመለሰ። «ከጠርዙ ሥር መሆኑ እውነት ነው። ግን ከድሮም እዚያው ከነበረ ጭማሪው እውነተኛ ነው። በየገጹ ማስታወሻ የሚል ቦታ አለ። ‹ዛሬ መለኪያው ተዛወረ› የሚል አንድ መስመር አሳየኝ፤ ዘጠኙንም ዓመት እሰርዘዋለሁ።»

ዝናብ ለኪው መዝገቡን አልገለጠም። ቦታው ባዶ መሆኑን ያውቃል፤ ባዶ ያደረገውም አውቆ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ከኋላ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። «አልጻፍከውም?»

«ጋሼ፣ ነግሬው ነበር። ሰው ፊት ሰደበኝ።»

«መጻፍህን ነው የጠየቅኩህ።»

«አልጻፍኩም።»

«አንድ ሰው ሰደበህና ዘጠኝ ዓመት አኮረፍክ። ኩርፊያህ ላሞቼን በላቸው።» ኃላፊውንም እሱንም በአንድ ዓይን ገረመማቸው። «ግም ለግም አብረህ አዝግም።»

ከሰዓት በኋላ ድርቆሹ ተጭኖ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ለኪው ወደ ወንድሙ በረት ወረደ። ከአምስቱ አንዷ ሞታ አድራለች፤ ሆዷ ተነፍቶ፣ ከአፏ አረንጓዴ ልጋግ ወጥቷል። ወንድሙ ቀንዷ ላይ ገመድ አስሮ ብቻውን ይጎትታል። ዝናብ ለኪው ኮቱን አውልቆ የኋላ እግሯን ያዘ። ጸጉሯ እጁ ላይ ተነቅሎ ቀረ።

«ልቀቃት» አለ ወንድሙ፣ ዞር ሳይል።

«ብቻህን አትችላትም፣ ጋሼ።»

«ከሷ የባሰ እጅህ ይቀፈኛል። ልቀቃት።»

ለቀቃት። ወንድሙ ትንሽ እየጎተተ፣ ትንሽ እያረፈ ጥንብ ወደሚጣልበት ገደል ሄደ። ዝንቦቹ ከላሚቱ ተነሥተው የዝናብ ለኪው መዳፍ ላይ ሰፈሩ፤ አላባረራቸውም።